«ጉራማይሌ» ብለን ከመሰረዛችን በፊት

ባለፈው ሴሚስተር ለአንድ ኮርስ ያስገባሁት ጽሑፍ ሲመለስልኝ ከላይ፣ ከስሜ አጠገብ፣ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ቃል ተጽፎበት ነበር፤ «ጉራማይሌ!» ከነቃለ አጋኖው። ውጤቱ መጥፎ ስላልነበር ይህን የምጽፈው ለማማረር አይደለም። ደግሞም መምህሩ ልክ ነበሩ። ቤቴ ገብቼ ስቆጥር በስድስት ገጽ ውስጥ አሥራ አንድ ቦታ ላይ የእንግሊዝኛ ቃል ሰክቻለሁ፤ «ዲስቶርሽን» ብቻውን አራት ጊዜ ተመላልሷል። ጥፋት ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ቃሏ ግን አልለቀቀችኝም። ምክንያቱም እኔ ጉራማይሌን መጀመሪያ ያየሁት ወረቀት ላይ ሳይሆን አያቴ አፍ ውስጥ ነው።

አያቴ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ የመሸፈን ልማድ አላት። ሳቁ ሲበረታባት ግን ነጠላው ይረሳና ድዷ ይታያል። አንዱ መስመር ጥቁር፣ አንዱ መስመር የተፈጥሮ ቀለሙን እንደያዘ፣ ተራ በተራ። ልጅ ሆኜ በሽታ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ስጠይቃት ለካ ለውበት ብላ በመርፌ የተነቀሰችው ነው። ድዷ አብጦ ለቀናት እህል እንዳልቀመሰች፣ ከዳነች በኋላ ግን ገበያ በወጣች ቁጥር ሰበብ እየፈለገች ትስቅ እንደነበር በኩራት ነው የነገረችኝ። በእሷ ቋንቋ ጉራማይሌ ማለት ዝብርቅርቅ ማለት አይደለም። ሁለት ቀለም ጎን ለጎን ሲሆን አንዱ ሌላውን ያደምቀዋል ማለት ነው። እኛ የቋንቋ ተማሪዎች ቃሏን ወስደን የስሕተት ስም አደረግናት።

ውድ አንባብያን፣ ነገሬ ስለ ድድ አይደለም። ያ ጽሑፍ የተጻፈው ስለ ሮክ አልበሞችና ስለ አጫጭር ልቦለዶች ነበር፤ ዛሬም የምመለሰው ወደዚያው ነው።

ላምበረት የሚኖር ሰው ሰልፍ ያውቃል። ጠዋት ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ደሴ የሚሄደው መንገደኛ ሻንጣውን እያንጠለጠለ ወደ መናኸሪያው ሲሮጥ፣ ወደ መገናኛ የሚወርደው ሠራተኛና ተማሪ ደግሞ ታክሲ ሲጠብቅ፣ የአንድ አልበም ግማሹ ያልቃል። ይህን ጊዜ ላለማባከን አንድ ልማድ አወጣሁ። በጆሮዬ አንድ አልበም፣ በእጄ አንድ አጭር ልቦለድ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ምንም ዓላማ አልነበረውም፤ ማዳመጫው የረዳቶቹን ጩኸት እንዲያስቀርልኝ ብቻ ነበር የምሰካው። ውሎ ሲያድር ግን በጆሮዬ የሚገባውና በዓይኔ የሚገባው እርስ በርስ መነጋገር ጀመሩ። አንዳንዱ ጥንድ ተጣልቶ ይቀራል። አንዳንዱ ግን አንዱ ለሌላው ያብራራለታል፤ ከእነሱ ሦስቱን ነው እዚህ የማነሣው። (ዓመታቱን በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው፤ አልበሞቹም ሽልማቶቹም የሚታወቁት በእሱ ስለሆነ።)

የመጀመሪያው ጥንድ የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» እና የሜሮን ሀደሮ «ዘ ስትሪት ስዊፕ» ናቸው። ሁለተኛውን በአማርኛ «መንገድ ጠራጊው» ልበለው።

«ኤርታሌ» በ2012 ሲወጣ እኔ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ገዝቶ መጣና ሳሎን ውስጥ ከፈተው። አባቴ ከጓዳ ወጥቶ ትንሽ ካዳመጠ በኋላ «ስፒከሩ ተቀደደ እንዴ?» አለ። ወንድሜ ጊታሩ እንዲያ ተደርጎ እንደሚሠራ፣ ድምፁ ሆን ተብሎ እንደሚሻክር ሊያስረዳው ሞከረ። አባቴ በትዕግሥት ሰማውና «ታዲያ ደህናው ጊታር ምን አጠፋ?» ብሎ ተመለሰ። በኋላ እንደገባኝ በብዙ ቤት ተመሳሳይ ንግግር ተደርጓል። ሁለት ወንድና ሁለት ሴት ድምፃውያን በግንባር ቀርበው፣ ከኋላቸው ከባድ ከበሮና የሚጮኽ ጊታር አሰልፈው፣ በአማርኛ ይዘፍናሉ። ቅኝቱ የምናውቀው ነው። ልብሱ ነው ያልለመድነው። ደግሞ ስማቸውን ተመልከቱ፤ ጃኖ የክብር ልብስ ነው፣ ቀይ ጥለት ያለው። ከላይ ጃኖ፣ ከሥር ዲስቶርሽን። (ይኸው፣ አምስተኛ ጊዜ ጻፍኳት።)

አልበሙን ፕሮዲውስ ያደረገው አሜሪካዊው ቤዝ ተጫዋች ቢል ላስዌል ነው። ይህን ስናገር ጓደኞቼ «አየህ! ፈረንጅ የሠራው ነው» ይሉኛል። እኔ ደግሞ የሚገርመኝ ሌላ ነው። አራቱ ድምፆች በአንድነት ሲወጡ የሚሰማው ነገር ከአሜሪካ የመጣ አይመስለኝም፤ ሠርግ ቤት ውስጥ አውራጁ ሲያወርድ ተቀባዩ በአንድ አፍ እንደሚመልሰው ነው። ጊታሩ ያጀባቸዋል ማለት አይቻልም፤ ይከራከራቸዋል። በእርግጥ እንከን የለበትም አልልም። አንዳንዱ ዘፈን ላይ የጊታሩ ሶሎ ከሚገባው በላይ ይረዝማል፤ ተጫዋቹ ለዓመታት ሲከለከል ቆይቶ ገና ዛሬ የተፈቀደለት ይመስል። በ2018 በወጣው በሁለተኛው አልበማቸው፣ በ«ለራስህ ነው»፣ ይህ ችኮላ ሰከን ብሏል። እኔ ግን ችኮላውን ነው የምወደው።

አሁን ወደ ጌቱ ልምጣ። ጌቱ የ«መንገድ ጠራጊው» ባለታሪክ ነው፤ የአሥራ ስምንት ዓመት የአዲስ አበባ ልጅ፣ ሥራው መንገድ መጥረግ። ታሪኩ የሚከፈተው ከመስታወት ፊት ቆሞ ከረባት ሲያስር ነው። ቋጠሮው እንቢ ብሎታል። ወዴት ነው? ሸራተን። አንድ የእርዳታ ድርጅት አሜሪካዊ ወደ አገሩ ሊመለስ ነውና የስንብት ግብዣ አለ፤ ለጌቱ ሥራ ቢጤ ተስፋ ሰጥቶታል፣ ወይም ጌቱ የተሰጠው ይመስለዋል። እናቱ አታምንም። መጨረሻውን አልነግራችሁም፤ አንብባችሁ ድረሱበት። የምነግራችሁ እኔ ያነበብኩበትን ቦታ ነው። ላምበረት፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የመጀመሪያውን ታክሲ ስጠብቅ። አንዲት ሴትዮ ፊታቸውን በሻርፕ ጠቅልለው አስፋልቱን እየጠረጉ መጡና እግሬ ሥር ሲደርሱ «እስቲ ልጄ፣ ፈቀቅ በልልኝ» አሉኝ። ፈቀቅ አልኩ። ስለ መንገድ ጠራጊ እያነበብኩ መንገድ ጠራጊ ፊት መገተሬን ያወቅሁት ካለፉ በኋላ ነው። በጆሮዬ «ኤርታሌ» ነበር።

ጥንዱ የተጋጠመው እዚያ ነው። ከረባቱና ጃኖው። ጌቱ ከረባት የሚያስረው ያለ እሱ በበሩ እንደማያስገቡት ስለሚያውቅ ነው። የባንዱ ልጆች ደግሞ ጃኖ የሚል ስም የያዙት፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ያለ እሱ እዚህ አገር በር እንደማይከፈትላቸው ስላወቁ ነው። አንዱ የውጭውን በር ሊያልፍ ይለብሳል፣ ሌሎቹ የአገራቸውን። ሁለቱም በር ላይ የሚጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ አንተ የማን ነህ?

ሜሮን ሀደሮ አዲስ አበባ ተወልዳ፣ በጀርመን በኩል አድርጋ፣ አሜሪካ ያደገች ጸሐፊ ናት። በ«መንገድ ጠራጊው» እ.ኤ.አ. በ2021 የኬን ሽልማትን አሸንፋለች፤ ለአፍሪካ አጫጭር ልቦለዶች የሚሰጠውን ይህን ሽልማት ከኢትዮጵያ የወሰደች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። የምትጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። የኔም ጣጣ የጀመረው ከዚህ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፌን በእሷ ልቦለዶችና በአማርኛ አጫጭር ልቦለዶች ላይ ልሥራ ብዬ ርዕስ አቀረብኩ። መልሱ ትሕትና የተሞላበት ነበር፤ «ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ የእንግሊዝኛዎቹ ሥራ ነው» ተባልኩ። ወደ እንግሊዝኛዎቹ ሄድኩ። እዚያም ትሕትና አልጎደለም፤ «ከአማርኛ ጋር የምታነጻጽረው ከሆነማ የራስህ ክፍል ነው የሚመለከተው» ተባልኩ። ሁለቱ ቢሮዎች በአንድ ኮሪደር ላይ ናቸው። በመካከላቸው ያለው የወንበር ብዛት አራት ነው፤ ስጠብቅ ቆጥሬዋለሁ። ሜሮን ሀደሮ ለጊዜው እነዚያ አራት ወንበሮች ላይ ተቀምጣለች ማለት ነው።

ይህን በክፍል ውስጥ ሳነሣ ጥሩ ክርክር ተደረገ። አንድ ጓደኛዬ፣ ከማከብራቸው አንባቢዎች አንዱ ነው፣ «ሥነ ጽሑፍን የኛ የሚያደርገው ቋንቋው ነው፤ ቋንቋው ከወጣ የቀረው ወሬ ነው» አለ። ሌላዋ «ጃኖስ በአማርኛ አይደል እንዴ የሚዘፍነው? እሱንም እኮ የኛ አይደለም ብላችኋል!» ብላ መለሰችለት። ሣቅ ሆነ። ነገር ግን የእሷ መልስ ከሣቅ በላይ ነው። ሙዚቃው ላይ ቋንቋው የኛ ሆኖ መሣሪያው «የሰው» ስለሆነ እንጥለዋለን። ልቦለዱ ላይ ታሪኩ፣ ከተማው፣ ሰዉ የኛ ሆኖ ቋንቋው «የሰው» ስለሆነ እንጥለዋለን። መለኪያው እንደየሁኔታው የሚቀያየር ከሆነ መለኪያ ሳይሆን ሰበብ ነው።

እስቲ በዚህ መለኪያ ወደኋላ እንሂድ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ በ1908 የታተመው ሮም ነው። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው የሙዚቃ ጓድ አባላት አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ነበሩ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በኋላ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ለአሥርተ ዓመታት የተዘመረውን ዜማ ደረሰ። በ1969 ወጣቱ አምኃ እሸቴ ሸክላ የማሳተም መብት የአገር ፍቅር ብቻ በነበረበት ጊዜ ደንቡን ጥሶ የራሱን ማሳተሚያ ሲከፍት፣ ለአደባባይ ካበቃቸው ድምፆች አንዱ የዓለማየሁ እሸቴ ነበር፤ በፀጉሩና በእንቅስቃሴው «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» ይባል የነበረው ዓለማየሁ። ዛሬ እነዚያን ዘፈኖች ማን ነው የኛ አይደሉም የሚለው? አባቴ ራሱ እሑድ እሑድ እነሱን ነው የሚከፍተው።

ከሥነ ጽሑፍም አንድ ልጨምር። ዳኛቸው ወርቁን እናጠናለን፤ «አደፍርስ»ን ያላነበበ የትምህርት ክፍላችን ተማሪ የለም፣ ቢያንስ ያላነበበ ነኝ የሚል የለም። ይኸው ዳኛቸው በ1973 «ዘ ተርቲንዝ ሰን» የሚል ልቦለድ በእንግሊዝኛ አሳትሟል። አንድ ሰው፣ አንድ ጭንቅላት፣ የሦስት ዓመት ልዩነት። የመጀመሪያው መደርደሪያችን ላይ አለ፤ ሁለተኛው አራቱ ወንበሮች ላይ።

ሁለተኛው ጥንድ፣ ሮክ ነው ብዬ የማልከራከርበት፣ ግን የቀይ እስክሪብቶው ጉዳይ የመራኝ ነው። በ2001 የወጣው የእጅጋየሁ ሽባባው አልበም በስሟ «ጂጂ» ይባላል። ፕሮዲውሰሩ ያው ቢል ላስዌል ነው፤ ከተጫዋቾቹ ውስጥ እነ ሄርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተርን የመሳሰሉ የጃዝ ታላላቆች አሉበት። በዚያው አልበም ላይ «አድዋ» አለ፣ «ዓባይ» አለ፣ «ጉራማይሌ» የሚልም ዘፈን አለ። ቻግኒ የተወለደች፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማ እየሰማች ያደገች ሴት በኒው ዮርክ ሰዎች መሐል ቆማ ጉራማይሌ ስትል አያቴ በምትለው ትርጉም ነው የሰማኋት፣ በቀዩ እስክሪብቶ ትርጉም አይደለም። ድምፁን ስሙት። ቤዙ በራሱ መስመር ይሄዳል፣ ዜማው በራሱ። አይቀላቀሉም። ጎን ለጎን ናቸው። ጥቁር፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቀይ።

ከዚህ ጋር ያነበብኩት የአዳም ረታን «እቴሜቴ ሎሚ ሽታ» ነው። ከዚህ ቀደም ከዚህ መጽሐፍ አንድ ታሪክ ብቻ በፎቶኮፒ ደርሶኝ ነበር፤ ጠርዙ የተቆረጠ፣ ሁለት ገጽ የተደበዘዘ። አነበብኩት፣ ወደድኩት፣ ረሳሁት። ዘንድሮ ሙሉውን መጽሐፍ ተውሼ ከመጀመሪያ ስጀምር ነገሩ ሌላ ሆነ። አዳም «ሕጽናዊነት» የሚለው አጻጻፍ አለው፤ ሕጽን በግእዝ እቅፍ ነው። አንዱ ታሪክ ሌላውን ያቅፋል፤ እዚህ ያለፈ ነገር እዚያ በሌላ ዓይን ይመለሳል፣ ለብቻው ትንሽ የሚመስለው ከጎረቤቱ ጋር ሲሆን ይከብዳል። ታዲያ አንዱን ቆርጦ ፎቶኮፒ ማድረግ ከአልበም ላይ አንድ ዘፈን አውጥቶ ደጋግሞ እንደመስማት ነው። ዘፈኑ አይበላሽም፤ ግን «ጉራማይሌ»ን ሰምቶ ከእሱ ጋር ያለውን «አድዋ»ን ያልሰማ ሰው ጂጂ ምን እያለች እንደሆነ ግማሹ ነው የሚገባው። የአዳም ቋንቋም የጠራ የሚባለው ዓይነት አይደለም። የመንደር ቃል አለ፣ የመጽሐፍ ቃል አለ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ እሱ ራሱ የፈጠረው የሚመስል ቃል አለ። በዚያ ቀይ እስክሪብቶ ቢታረም ስንቱ ገጽ በቀለም እንደሚጥለቀለቅ አስቡት። እሱ ሲጽፈው ፈጠራ፣ እኔ ስጽፈው ስሕተት። (እሺ፣ ልዩነት አለን። አውቃለሁ።)

በነገራችን ላይ በ2020 መዓዛ መንግሥቴ አዘጋጅታ ያሳተመችው «አዲስ አበባ ኗር» የሚል የአጫጭር ልቦለዶች መድበል አለ። በእንግሊዝኛ ነው። አዳም ረታና በዕውቀቱ ስዩም ከነሱለይማን አዶኒያና ከነሜሮን ሀደሮ ጋር በአንድ ሽፋን ሥር ተቀምጠዋል፤ ታሪኮቹም በከተማችን ሰፈሮች ነው የተከፋፈሉት። አዘጋጇ የትኛው የየትኛው ትምህርት ክፍል ነው ብላ አልጠየቀችም።

ሦስተኛው ጥንድ ከሁሉም የምወደው ነው፤ ሰልፍ ላይ ሳይሆን አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው የጨረስኩት። ጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን ተጫዋች ነበር፤ በልጅነቱ በማዘጋጃ ቤት ባንድ ጀምሮ ዕድሜውን በሙሉ ሲጫወት የኖረ፣ ሽለላና ፉከራን ከአፍ አውርዶ በሳክስፎን ያንጎራጎረ፣ መድረክ ላይ የአንበሳ ጎፈር የሚደፋ ሰው። ሰባ ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ሌላው ጡረታ በሚወጣበት ዕድሜ፣ «ዘ ኤክስ» ከሚባል የሆላንድ የፓንክ ሮክ ባንድ ጋር በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የሚል አልበም አወጣ። ሆላንዶቹ በጩኸታቸው የታወቁ ናቸው። ጊታራቸው አይዘፍንም፣ ይፈጫል። ሽማግሌው ግን አልፈሩም። ይልቅስ የፓንኩ ጩኸት ለሽለላው የተሠራ ይመስላል። ለካ ሽለላ ድሮም ጸጥ ያለ ነገር አልነበረም! እኛ በባህል አዳራሽ፣ በጠረጴዛ ልብስና በአበባ መሐል ስንሰማው ነው ጨዋ ያደረግነው። ጦርነት ሊሄድ የተነሣ ሰው ጩኸት እንደነበር ያስታወሱኝ የአምስተርዳም ፓንኮች ናቸው። ጌታቸው በ2016 አረፈ፤ አልበሙ ግን አሁንም ስፒከር የሚቀድ ይመስላል።

ይህን እየሰማሁ ያነበብኩት የሜሮንን «ዘ ዎል»፣ ማለትም «ግንቡ»ን ነው፤ በ2019 ለዚያው ለኬን ሽልማት የመጨረሻ ዕጩ ሆኖ ነበር። ከኢትዮጵያ ወጥቶ በበርሊን አልፎ አሜሪካ፣ አዮዋ የደረሰ ልጅ ነው። እንግሊዝኛ አያውቅም። አንድ ግብዣ ላይ አንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ያገኛል፤ ሁለቱም የሌላ አገር ሰዎች ናቸው፣ የሚግባቡትም ለልጁ የእናቱ ባልሆነ ቋንቋ፣ በጀርመንኛ። ከዚያ ሽማግሌው እንግሊዝኛ ያስተምረዋል። ታሪኩ ይህን ያህል ቀላል ነው። እኔን የያዘኝ ልጁ ያንን የተውሶ ቋንቋ ሲናገር ከማንነቱ አለመጉደሉ ነው። እንዲያውም ብቸኛ የነበረው ልጅ ሰው የሚሆነው በዚያ ነው። ሽማግሌው ጌታቸውና ሆላንዶቹ፣ ሽማግሌው ፕሮፌሰርና ልጁ፤ ሁለቱም ጥንዶች የሚገናኙት በመሐል ባለ፣ የማንም ብቻ ባልሆነ ቦታ ላይ ነው። አራቱ ወንበሮች ላይ እንበለው።

አሁን ለጓደኛዬ ፍትሐዊ ልሁን። ከክፍል ስንወጣ እየሄድን አንድ ነገር ነገረኝ፤ ክርክሩ ውስጥ ቢለው ኖሮ የማሸነፍ ዕድል ነበረው። «እኔን የሚያናድደኝ በእንግሊዝኛ መጻፏ አይደለም» አለኝ። «ሳነብ እኔን ዞር ብላ ስታወራ ይሰማኛል። ቤቴ ገብታ ስለ ቤቴ ለእንግዳ ታስጎበኛለች፤ እኔ ሶፋው ላይ ተቀምጫለሁ።» ይህ እውነት አለው። በ«መንገድ ጠራጊው» ውስጥም አንዳንድ ቦታ የአዲስ አበባ ሰው ሳይነገረው የሚያውቀው ነገር ሲብራራ ይታየኛል። ጃኖም ላይ አንዳንዴ ጊታሩ «እኛም እኮ እንችላለን» እያለ ለሌላ አዳማጭ ሲያሳይ ይሰማኛል። የተመልካች መኖር ሥራውን ያጣምመዋል። ግን ይህ እኮ በማንበብ የሚገኝ ሐሳብ ነው! ጓደኛዬ ይህን ያህል የጠራ ትችት ሊሰጥ የቻለው ስላነበባት ነው። ያንኑ ትችት ጽፎ ያስገባ ዘንድ ደግሞ የሚቀበለው ክፍል የለም። ሌላም ነገር አለ። የኬን ሽልማት ወደ እንግሊዝኛ ለተተረጎመ ሥራም ክፍት ነው። ለእንግዳው ቤታችንን የሚያስጎበኝ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ብቻ ሆነ ብለን ከተቆጣን፣ ከአማርኛ የሚተረጉም ሰው ማፍራት የማን ሥራ ነበር? የኛና የጎረቤታችን፤ በአንድ ኮሪደር ላይ ያሉት የሁለቱ ቢሮዎች።

የመጨረሻው ነገር የአባቴ ጥያቄ ነው፤ «ደህናው ጊታር ምን አጠፋ?» መልሱን ያገኘሁት በዐቢይ ጾም፣ ከላምበረት ወደ መገናኛ በምሄድበት ታክሲ ውስጥ ነው። ሾፌሩ በገና ከፍቷል። የበገናን ድምፅ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ያ የሚያንገበግበው፣ የሚነዝረው፣ ንብ የገባበት የሚመስለው። ክሩ በራሱ እንዲያ አይጮኽም። በክሩና በድልድዩ መካከል እንዝራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች፤ ክሩ ሲመታ እሷን እየነካ ይንዘረዘራል። እንዝራዋ ከወጣች ድምፁ ጥርት ይላል፣ ይለሰልሳል፣ ክራር ክራር ይላል። በገና መሆኑ ግን ይቀራል። ማለትም በመሣሪያዎቻችን ሁሉ ውስጥ ለጸሎት የቀረበው፣ ከንጉሥ ዳዊት ጋር ስሙ የሚነሣው፣ ድምፁ ሆን ተብሎ እንዲሻክር የተደረገው ነው። አባቶቻችን ደህናውን ክር አግኝተው ሲያበቁ ቆዳ ጨመሩበት።

ይህን ለአባቴ ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና «በገናን ከዚያ ጩኸት ጋር አታነጻጽር» አለኝ። በማግስቱ ግን «ያቺ ቆዳ ማን አልካት?» ብሎ ጠየቀኝ።

የመመረቂያ ጽሑፌን ርዕስ አሻሽዬ እንደገና አስገብቻለሁ፤ አሁን ሁለቱም ቢሮዎች እንዲፈርሙበት ሁለት መስመር አዘጋጅቻለሁ። የሚመለከታቸው መምህራን ይህን ካነበባችሁ፣ ወረቀቱ ጠረጴዛችሁ ላይ ነው። የባለፈውን ጽሑፍም አርሜዋለሁ። አሥራ አንዱ የእንግሊዝኛ ቃል ስምንቱ በአማርኛ ተተክቷል፤ አንዳንዱ ከበፊቱ የተሻለ ሆኖልኛል፣ መምህሬን አመሰግናለሁ። ሦስት ቦታ ላይ ያለችው «ዲስቶርሽን» ግን አልወጣችም። «መሻከር» ብዬ ሞከርኩ፣ ጉሮሮ መሰለብኝ። «ንዝረት» አልኩ፣ የፊዚክስ ሆነ። የበገና መምህራን ያቺ እንዝራ ለምታወጣው ድምፅ የራሳቸው ቃል ይኖራቸዋል ብዬ እገምታለሁ፤ ከአንባብያን የበገና ተማሪ ካለ ጠይቆ ይንገረኝ። እስከዚያው ቀዩን እስክሪብቶ እየጠበቅሁ ነው።